አባትህ ያስጻፈው ቁጥር

ሮቢት፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም

ልጄ ዘካሪያስ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

አሰላሙ አለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ድምፅ ልቅረጽልህ ብዬ ስጀምር ልቅሶዬ አላስጨርስ ስላለኝ ይኸው ጻፍኩልህ፤ ሀናን ፎቶ አንስታ በስልክ ትልክልሃለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ማሽላውም ወፍ ካልጨረሰው ዘንድሮ ፍሬ ይዟል። እኔ ግን ግራ ገብቶኛል። ግራ ያጋባኝ የሀናን የሂሳብ ትምህርት ነው ብልህ ትስቅብኛለህ።

እህትህ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። አስተማሪዋ መምህር አያሌው ስለ መረጃ ዓይነቶች ያስተምሯቸዋል። በቁጥር የሚነገር አለ፣ በስም ብቻ የሚነገር አለ አሉ። የልጅ ብዛት ቁጥር ነው፤ ተደምሮ፣ ተካፍሎ አማካይ ይወጣለታል። አባወራ የሚዘራው የእህል ዓይነት ግን ስም ስለሆነ አማካይ የለውም። «ማሽላና ጤፍ ለምን አይደመርም? እኛ ቀላቅለን እናስፈጭ የለም ወይ?» ብላት ከት ብላ ሳቀችብኝ። እስካሁንም አልገባኝም።

ታዲያ እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ስንት ልጅ እንዳለ አባቱን ጠይቆ እንዲመጣ ታዘዘ። አገራችንን ታውቀው የለ፣ ልጅና ከብት ይቆጠራል እንዴ! የጎረቤታችን የእንድሪስ ሁለት ልጆች እዚያው ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም «አባታችን አንድ ልጅ ነው ያለኝ ብሏል» ብለው ጻፉ። ተማሪዎቹ ስማቸው ያለበትን ቁራጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ በየቁጥሩ አንጻር እየደራረቡ ለጠፉና ግራፍ ሠሩ። የአንድ ልጅ ዓምድ ጣሪያ ሊነካ ደረሰ። የክፍሉ አማካይም ከሁለት በታች ሆነ። መምህር አያሌው ከሩቅ አገር የመጡ ናቸውና «ታዲያ ይህ ሁሉ ተማሪ ከየት መጣ?» ብለው ተደነቁ አሉ።

አባትህ ያስጻፈው ሁለት ነው። ይኸው ሁለት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እንደ አገሩ ሰው ዓይን ፈርቶ ቀንሶ ነው? ወይስ ሀናንንና ትንሿን ኑሀን ብቻ ቆጥሮ፣ አንተን አውጥቶህ? ሳታስፈቅደው በአፋር በኩል የወጣህ ጊዜ «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ የለኝም» ያለው ነገር እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል። ልጠይቀው እነሳና ፈርቼ እተወዋለሁ። መልሱ የፈራሁት ቢሆንስ? ሐሳቤ ሁሉ ተበታትኖ ወጡን ሁለቴ ጨው ጨምሬበት ማንም አልቀመሰውም።

መምህሩ «አንድ ቤት ሲዋሽ የሁላችንም አማካይ ይዋሻል፤ እውነተኛውን አምጡ» ብለው ልጆቹን መለሷቸው። ሀናን ይህን ለአባትህ ነገረችው። በማግስቱ ከብቶቹን ውሃ ላጠጣ ብሎ ወጣ። ለካ ከብቶቹን ለእንድሪስ ትቶ ትምህርት ቤት ሄዷል!

ሀናን እንደነገረችኝ፣ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ እያየው ገብቶ «የእኛ የቱ ነው?» አለ። አሳየችው። ወረቀቷን ከሁለት ዓምድ ላይ በጥፍሩ ላጣት።

«አቶ አሊ፣ ልጆችዎ ስንት ናቸው?» አሉት መምህሩ።

«ሦስት።»

«ሦስቱም እቤት ነው የሚኖሩት?»

«የጠየቁኝ ልጆቼን አይደለም ወይ? ሦስት ነው ወላሂ!» ብሎ ወረቀቷን ሦስት ላይ ለጠፈና ወጣ።

እቤት ሲገባ «ከብቶቹ ጠጡ?» አልኩት። «ጠጡ» አለኝ። እኔም የሰማሁትን አላወጣሁም። ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት እኔም አላውቀውም። ይህን ያህል ዘመን ለምን አሰቃየኝ?

የአባትህን ቁጥር እንደዘጋህበት አውቃለሁ። ተቀይመህ ነው፣ አልፈርድብህም። ትናንት ቆቦ ሄዶ አዲስ ሲም ካርድ አውጥቷል። የድሮው ምን ሆነ ብለው «ዝም ብዬ ነው» ይለኛል።

አላህ ከክፉ ሰው፣ ከክፉ አሠሪ ይጠብቅህ። የላብህን ፍሬ ያብላህ፤ በሰላም ለዓይናችን ያብቃህ።

ልጄ፣ በማታውቀው የአገር ቤት ቁጥር ከተደወለልህ አንሳ። ቶሎ ባይናገር አትዝጋበት፤ ጠብቀው።

እናትህ ሰይዳ