ከባዱን ሰደርያ እንዳትለብስ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአረጋ፣
ባሕር ዳር።

ከሁሉ በፊት ጤናህን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሃል? ወባው ተወህ ወይ? የሐይቁ ነፋስስ ትንሽ በረድ አለ? እኛ አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን አልተወችም። ገብሱም እንደ አምና ባይሆን ጎተራ ገብቷል።

ወንድሜ፣ ከዚህ በታች ያለውን ቆመህ አታንብበው፤ ተቀመጥ። ለገና ስትመጣ ሁለት ሰደርያ ይዘህ ነበር፤ ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንዲያንሳፍፈው ጀልባ ላይ የሚለበሰውን። ሁለቱንም የሸጠልህ ጀልባው ላይ አብሮህ የሚሠራው ደሞዝ የሚሉት ሰው ነው። አንዱ ወፍራምና ከባድ ነው፣ አንዱ ብርቱካንማና ቀላል። ልብስ የምታውቀው አንተ ነህና ምረጥልኝ ብትለኝ ከባዱን መረጥሁልህ። የደጋ ሰው አይደለሁ፤ ጋቢም ሆነ ብርድ ልብስ የምመርጠው በእጄ መዝኜ ነው። ቀላሉን ይሄማ ነፋስ የሚወስደው ነው ብዬ ሳቅሁበት፣ አንተም እኔ ዘንድ ጥለኸው ሄድህ። ከባዱ ጎኑ ተተርትሮ ስለነበር በስፌት መኪናዬ ሰፋሁልህ፤ ስፌቱን ወጥሮ ያስቸገረኝን አንድ እፍኝ ሙሌት ከውስጡ አውጥቼ አስቀረሁ።

ያንን እፍኝ በጨርቅ ጠቅልዬ መርፌ መሰኪያ አደረግሁት። ባለፈው ሐሙስ ባለቤቴ አልጣሽ አቡጀዲ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ ሳለች መሰኪያው ከክንዴ ተፈትቶ እዚያው ወደቀ። ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ ውሃውን ጠጥቶ ወረደ። ደነገጥሁ። አልጣሽ መርፌው ነው ያሰመጠው፣ አንተ ደግሞ የማትጠረጥረው የለህም አለችኝ። መርፌዎቹን አንድ ሳላስቀር ነቅዬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ደግሜ ጣልሁት። አሁንም ሰመጠ። ብቀደው የፍራሽ ጥጥ ነው ወንድሜ፣ የአሮጌ ፍራሽ ጥጥ! ሃያ ዓመት ጨርቅና ጥጥ ስዳብስ ኖሬ እንዴት እንዳለፈኝ እንጃ።

ደሞዝን አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ አይጥመኝም። እሱ የሚለብሰው ሌላ ነው፣ ለማንም አያስነካውም ያልኸኝ አንተው ነህ። ለምን? ከባዱ ሰደርያስ ለምን በሁለት ዓይነት ክር ተሰፋ? ግማሹ የፋብሪካ ስፌት ነው፣ ግማሹ የእጅ። ይህን ያን ጊዜም አይቼ፣ ተጠግኖ ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰውዬ! ምናልባት ደሞዝም ተታሎ ይሆናል። እኔ ግን አይመስለኝም።

ቀላሉንም ቢሆን እንዲሁ አላመንሁትም። የከሰል ካውያዬን አሰርሁበትና ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ጨምሬ አጠገቡ ተቀመጥሁ። መምሬ ገብረ መስቀል ሲያልፉ ምን ትጠብቃለህ ቢሉኝ እስኪሰምጥ አልኋቸው። የቀበሌው ጥበቃ ደግሞ መጥቶ ይህ የየትኛው ጦር ልብስ ነው እያለ አደረቀኝ። የወንድሜ የጀልባ ልብስ ነው ብዬ ብነግረው፣ ላሊበላ ምን ሐይቅ አለና ብሎ ሊወስደው ነበር፤ መምሬ ናቸው ያስጣሉኝ። ካውያው ከጠዋት እስከ ማታ ተንጠልጥሎ ዋለ፣ ሰደርያው ግን አልወረደም። ጠርዙን ፈትቼ ብመለከት ውስጡ ሬዲዮ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ነጭ ነገር ነው፤ ውሃ ጠብ አላለበትም። መልሼ ሰፋሁት።

አደራህን፣ አንተ ዋና አታውቅምና ከባዱን ለብሰህ ጀልባ እንዳትወጣ። ባለ ጀልባው ከተቆጣ ይቆጣ፤ ካባረረህም ና፣ እኛ የበላነውን ትበላለህ። ቀላሉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። አንድ የጭነት መኪና ረዳት እኔ ላድርስልህ ብሎኝ ነበር፤ ሰደርያውን ሲያገላብጥ አስተያየቱን አልወደድሁትም። ጣና ገዳማቱን ሊሳለሙ በሚወርዱት በእማሆይ እታገኘሁ እጅ አድርጌዋለሁ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ እሳቸውንም ጠርጥሬ የጆንያውን አፍ በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ። ክሩ ቀይ ካልሆነ ተከፍቷል ማለት ነው።

ሲደርስህም ዝም ብለህ አትልበሰው። ድንጋይ አስርበትና አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ላይ አውለው። ወንድሜ መርምሮታል ብለህ እኔን አትመነኝ። ከባዱን የመረጥሁልህ እኔ ነኝ፤ ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እናታችን ወለተ ሐና ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች። ነገሩን አልነገርኋትም፤ በርሜሉን አይታ ምንም አለመጠየቋ ግን አላማረኝም። አልጣሽ በጣም ናፍቀኸኛል ትልሃለች። እህታችን ስሜነሽ ከነባሏ ከብልባላ ሰላም ብላሃለች። መምሬ ገብረ መስቀልም በጸሎት እያሰብሁት ነው በልልኝ ብለዋል።

መልሱን ለሰው አታጽፍ፣ በራስህ እጅ ጻፈው። ጽሕፈትህን አውቀዋለሁ። አረጋ ደህና ነው የሚል ወረቀት በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ቢመጣ፣ ለእናታችን አላነብላትም።

ወንድምህ ጋሻዬ
ላሊበላ፣ የካቲት 3 ቀን 1972 ዓ.ም.