ጳጉሜም ትቆጠር

እሑድ፣ ጥቅምት 3። ቀን 78።

አገኘሁት! በሦስተኛው ተሳካ። መጠጥ የተዉ ሴቶች ብቻ የሚሰበሰቡበት፣ አሞራ ገደል አጠገብ፣ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ፣ እሑድና ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ደብተሬ፣ እንዴት ዋልሽ? ሰላምታው አሁን ገና ትዝ አለኝ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ታቦር ሰፈር ያለው ነበር። ጸሎቱ መልካም፣ ግን ማይክ ሰጥተው መስክሪ አሉኝ። በማግስቱ ሱቄ የገባ ሁሉ ክር ሳይሆን ፊቴን ነው ያየው። ሁለተኛው ወንዶች ብቻ። በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ በትሕትና «ባለቤትዎ ዘግይተው ነው የሚመጡት?» አለኝ። ባል እንኳ የለኝም። አረቄውን በሻይ ብርጭቆ የምጠጣው እኔው ነኝ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

እዚህ ግን ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ በሕፃናት ወንበር ተቀመጥን። የሚመሩን ሲስተር አማረች የሚባሉ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። ለምን ጠጣሽ ያለኝ የለም። ደስ ብሎኝ ዞር ስል፣ ወይንሸት።

የፋብሪካዋ ወይንሸት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስትወጣ ክር ልግዛ እያለች መጥታ፣ ሱቄ ጓዳ ውስጥ አብረን ስንጠጣ የኖርነው። ሐምሌ ላይ ድንገት ቀረች። መጠጥ ተወች አሉኝ። እሷ ትታ እኔ ልጠጣ? በአምስተኛው ቀን እኔም ተውኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ በቅናት ነው የተውኩት። ይህን ቦታ ደግሞ እያወቀች ደበቀችኝ። እዚያ ሁሉም «ወይንዬ» ይላታል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ቀን 79።

ቀኑን ሙሉ የልብስ ቁልፍ ስቆጥር ስሳሳት ዋልኩ። ያናደደኝ ይሄ ነው፦
ፀጉሯን ተሠርታለች።
ፊቷ ጠርቷል። የእኔ ዐይን ሥሩ አሁንም እንዳበጠ ነው።
የፊታችን እሑድ ሦስት ወር ይሞላኛል ብላለች። እዚያ ልማዱ ዘጠና ቀን የሞላት ድፎ ዳቦ ትቆርሳለች፤ ዘመድ ይጠራል፣ ይጨበጨባል።
ከመጠጥ ተላቀቅሁ ትላለች፣ ስሟ ራሱ ወይን አለበት።

ልጄ ሜሮን ደወለች። የሚሆነኝን ቦታ አገኘሁ ስላት አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። «እማዬ፣ ይሄኛውን እንዳትተዪው» አለች። ስለ ወይንሸት አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5። ቀን 80።

አልሄድም። ለእሷ ሲጨበጨብ ቁጭ ብዬ ላይ ነው?

ይሄን ጽፌ ጓዳውን ላጸዳ ገባሁ። ያ የሻይ ብርጭቆ እጄ ገባ። ባዶ ነው፣ ታጥቧል። እኔ ግን አሸተትኩት። ሁለቴ። ከዚያ ፈራሁ።

እሄዳለሁ። አራተኛ ቦታ ከየት አመጣለሁ? ደግሞ ቀን ጨምራ ቢሆንስ? አጣራለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6። ቀን 81።

ግድግዳው ላይ ሕፃናቱ ወራት የሚማሩባቸው አሥራ ሦስት የወረቀት አበቦች አሉ። ወይንሸት ሐምሌ 10 እንደተወች፣ እሑድ ዘጠና እንደሚሞላት ስታወራ እኔ በዐይኔ አበባ እቆጥራለሁ። ከሐምሌ ሃያ፣ ነሐሴ ሠላሳ፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ አበባ። ጳጉሜ።

ረስታታለች። ምን ይደንቃል፣ ደሞዝተኛ ናት፣ ጳጉሜ ደሞዝ የላትም። እኔም ወሩን በሠላሳ በሠላሳ ነው ስቆጥር የከረምኩት።

አምስቱን የጳጉሜ ቀን ስደምር ግን አነሰች ስል በለጠች። ትናንት ሞልቷታል። አፌን ልዘጋ ነበር። ከዚያ የራሴን ከሐምሌ 15 ጀምሬ ደመርኩ። እሑድ ዘጠና ይሞላኛል! ግን የእሷን አምስት ቀን ሳልጨምር የእኔን መጨመር አይቻልም።

ተነሣሁና «ሲስተር፣ ጳጉሜ ተረስታለች» አልኩ። ሲስተር አበቦቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፣ ልክ ነሽ አሉኝ። ከዓሣ ገበያ የምትመጣው ሴትዮ በሲዳምኛ የሆነ ነገር ስትል የገባቸው ሁሉ ሳቁ። ጎኔ ያለችውን ተርጉሚልኝ አልኳት። «ልትከሳት ተነሥታ መሰከረችላት» ነው ያለችው። ለካ ፊቴ ላይ ያስታውቃል።

ስንወጣ ወይንሸት እጄን ያዘችኝ። «አልሚዬ፣ ቁጥሯን ነው እንጂ ጳጉሜን መች ረሳሁ። በሦስተኛው ቀን በዚያ ዝናብ ሱቅሽ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ካየሁሽ እጠጣለሁ፤ ለዚህ ነው የራቅሁሽ።»

ያን ዕለት እኔም የጓዳውን በር በወንበር ዘግቼ፣ እንዳልገባ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነው ያመሸሁት። አልነገርኳትም። እነግራታለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7። ቀን 87።

አልተሳሳትኩም፣ ትናንት 81 ዛሬ 87። አምስት ቀን በነጻ አገኘሁ ልል ነበር። በነጻ አይደለም፣ ያ ወንበር ያውቃል።

ጠዋት ለወይንሸት ደውዬ የወንበሩን ነገር ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ዳቦውን ማን ቀድሞ ይቁረስ በሚለው ተጣላን። ሲስተር ፈረዱ፦ አምስት ቀን ትበልጠኛለችና እሷ። ይሁን ብያለሁ። አልተዋጠልኝም። ግን ዳቦውን የምጋግረው እኔ ነኝ፣ ሁሉም ይሄን ይወቅልኝ።

ብርጭቆውን ለቁልፍ ማስቀመጫ አደረግሁት። ሦስት ቀን ይቀራል፣ ሦስት ቀን ደግሞ ረጅም ነው። ቢሆንም ልጥራ። ሜሮን ትምጣ። ወንድሜ ይምጣ። ታቦር ማይክ የሰጡኝም ይምጡ፣ ያለ ማይክ አወራላቸዋለሁ። ያ ባለቤትዎ የት ቀሩ ያለኝ ሰውዬም ይምጣ፣ ጠጪዋን ይያት። እሑድ፣ ጥቅምት 10፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አንድም ሰው እንዳይቀር።