ወይዘሮ ቦሰና ታረቀኝና የአቶ ቶለሳ ጠመንጃ

ወይዘሮ ቦሰና ከአባታቸው ከአቶ ታረቀኝ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቅነሽ ገብሬ በ1944 ዓ.ም. ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ማርያም ግርጌ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በ1963 ዓ.ም. ሸማኔውን አቶ ብርሃኔን አገቡ፤ ሃናንና ኖህንም ወለዱ። ባለቤታቸው የሠሩትን ነጠላ ሽሮ ሜዳ ወስደው የሚሸጡት እሳቸው ነበሩ። በዋጋ ክርክር የሚረታቸው አልነበረም።

በ1976 ዓ.ም. የጓሮውን ክፍል ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት አቶ ቶለሳ ለሥራ ወደ ጎሬ ሲሄዱ የአባታቸውን ጠመንጃ አደራ ሰጧቸው። ባሩድ በአፈሙዟ እየተጠቀጠቀ በባልጩት ድንጋይ ፍንጣሪ የምትተኩስ፣ ጥይቷ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ አሮጌ ጠመንጃ ናት። አቶ ቶለሳ አልተመለሱም። ወይዘሮ ቦሰና ግን ዝገት እንዳይበላት እየፈቱ ይወለውሏት፣ የስፌት መኪና ዘይት ይቀቧት፣ ባልጩቱ ሲላላም በቆዳ ቁራጭ ጠቅልለው ያጠብቁት ነበር። በኋላ ሊያስመዘግቧት ቀበሌ ቢወስዷት ሠራተኞቹ መሣሪያ ትባል ወይስ ቅርስ ግራ ገብቷቸው መልሰዋቸዋል። ልጆቻቸውም ያን ያህል ለምን እንደሚደክሙላት አልገባቸውም።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. የመርሳት ሕመም ጀመራቸው። ሃናን በእናታቸው ስም ይጠሯት፣ አቶ ብርሃኔንም ለምሳ ይጠብቁ ነበር። ጠመንጃዋን መወልወል ግን እጃቸው አልረሳም።

በ2016 ዓ.ም. አቶ ቶለሳ መጡ። ሥራው እዚያው አስቀርቷቸው ኖሮ፣ ኋላም ሰፈሩ ፈርሷል ሲባል ሰምተው ተስፋ ቆርጠው ነበር፤ ሸጎሌ ዘመድ ሊጠይቁ በመጡበት ቤቱን ቆሞ አገኙት። ወይዘሮ ቦሰና አላወቋቸውም፤ ስለ ጠመንጃዋ ሲጠይቋቸውም፣

«የሰው አደራ ናት። ለቶለሳ ካልሆነ አልሰጥም» አሏቸው።

«እኔ ነኝ እኮ፣ እትዬ ቦሰና።»

«ቶለሳ ወጣት ነው።»

ሃና ጠመንጃዋን አንስታ ልትሰጣቸው ብትል አቶ ቶለሳ እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እየመጡ፣ አፈሙዟን ይዘውላቸው አብረው ይወለውሉ ነበር። ወይዘሮ ቦሰና የዚያን ተከራይ ደግነት ሲያወሩላቸው የሌላ ሰው ወሬ እየመሰላቸው ያዳምጡ እንደነበር አቶ ቶለሳ ነግረውናል።

ባለፈው ኅዳር ወይዘሮ ቦሰና አልጋ ያዙ። በአንዱ እሑድ ጠመንጃዋን አስመጥተው በአቶ ቶለሳ ጭን ላይ አኖሯት።

«እኔ ሳልኖር ቶለሳ ቢመጣ ይሰጡልኛል?»

«እሰጥልዎታለሁ» አሏቸው።

ወይዘሮ ቦሰና ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው አረፉ። ልጆቻቸው ሃናና ኖህ፣ የልጅ ልጃቸው ሩታ፣ አቶ ቶለሳም ጭምር ዛሬ ይሸኟቸዋል። ሁሉም ሰው በስሙ በሚታወቅበት ስፍራ አምላክ ነፍሳቸውን ያኑርልን።