ያልተቆጠረው ሦስተኛ እጅ

ለአባባ፣ አገር ምድሩ አንቱ ሲልህ እኔን ብቻ አንተ እንድልህ ለተውከኝ፤

እንደምን ከረምክ ብሎ መጀመር ወጉ ነው። ግን «ደህና ነኝ» ብለህ ብትመልስልኝ ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ድረስ ሳልቆም ስለምሮጥ ጥያቄውን ዘልዬዋለሁ። ከተለያየን ነገ ዓመት ይሞላናል። ጠላው ደርሷል፣ ድንኳኑም ከሰዓት ይተከላል። ሽማግሌዎቹ ነገ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ከአሁኑ እየተጨቃጨቁ ነው። አንተ ብትኖር «ገመድ ወጥሩላቸውና ይዋጣላቸው» ትል ነበር።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። በቀብርህ ማግስት እማማ ቴሌቪዥኑን በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው። ዳር ዳሩን በጥልፍ አሳምራዋለች፤ ቢሆንም የተገነዘ ሰው ነው የሚመስለው። ወንበርህ ከፊቱ እንዳለ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ድመቷ ብቻ አንዳንዴ ትወጣበትና የሆነ ነገር እንደነካት ሁሉ ዘላ ትወርዳለች።

ለነገሩ ያንን ዲሽ አጎቴ የገዛልህ ስብከት እንድትሰማበት ነበር። ቻናል ሳገላብጥ የዓረብ ጣቢያ ላይ ወደቅኩ፤ ሁለት ተራራ የሚያህሉ ወንዶች በውስጥ ሱሪ ብቻ ተናንቀዋል። ደንግጬ ልቀይረው ስል አንተ መሪጌታው፣ አንተ ግማሽ አገር ዜማ ያስተማርከው ሰውዬ፣ «ተይው እስቲ፤ ይሄ ልብስ ያጣ ምስኪን ምን አደረገሽ» አልክ። እስኪመሽ ዐይንህ አልተነቀለም። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሬስሊንግ ሆነ፤ ስብከቱም እሑድን ጠበቀ።

ስማቸውን ስለማናውቅ ክርስትና ያነሣሃቸው አንተ ነህ። ቀይ ጢሙ የሚንቦገቦገው «ደመራ»፣ ቀጭኑና ረጅሙ «መቋሚያ»፣ ፊቱን በጭምብል የሚሸፍነው «ዐይነ ጥላ» ተባሉ። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ከአልዩ አምባ የሚያመጡትን በርበሬ ሸጠው ሲጨርሱ ወደኛ ይመጡና ዓረብኛውን ያስተረጉሙልህ ነበር። «ደመራ የሚባለው ሰውዬ በወንድሙ ሚስት ምክንያት ቂም ይዟል ነው የሚለው» ይሉሃል። አንተም «አልኩህ፣ ዐይኑ ያስታውቃል» ትላለህ። ካለፍክ በኋላ ጠየቅኳቸው። «እኔ የማውቀው የቁርኣኑን ነው፣ ሰዎቹ ሲፈጥኑብኝ አንዲት ቃል አልይዝም፣ ሽማግሌ ጓደኛዬ አፉን ከፍቶ ሲጠብቀኝ ምን ላድርግ» አሉኝ። ያ ሁሉ የዘመድ ጠብ ከሳቸው ጭንቅላት ነው የወጣው። አትቆጣቸው፤ ከፊልም ይሻል ነበር።

አቋሜን ታውቀዋለህ፤ አልለወጥኩትም። ከገመድ ጫፍ ላይ መዝለል ለታይታ ነው። ጠረጴዛ በሰው መስበርም ለአናጢ ስድብ ነው። ደመራ ትከሻ እንጂ ትዕግሥት የለውም፤ የአሸናፊነት ቀበቶው የሱ መሆኑ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ትግል ማለት አያያዝ ነው፣ አያያዝም ማለት መቋሚያ ነው። ያ ሸንበቆ የሚያህል ሰውዬ አንድ እግር ካገኘ በቃ። አንተ ግን ዐይነ ጥላን ትወድ ነበር። ፊቱን የሚደብቅ ምን ዓይነት ወንድ ነው ስልህ፣ ሲሸነፍ እናቱ እንዳታውቀው ነው ብለህ አፌን አስያዝከኝ።

አያያዞቹንም ሰይመሃቸዋል። ክንድን ወደ ኋላ ጠምዝዞ የሚይዘው «የፊጥኝ» ነው፤ ያማል፣ ግን የተያዘው ሰው እግር ስላለው ይራገጣል። እግር ከእግር ቆልፎ የሚይዘው «መስቀለኛ» ነው፤ እሱ ይብሳል፣ ሆኖም እየተንፏቀቀ ገመዱን የነካ ይለቀቃል። የሁሉም አለቃ ግን «እሹሩሩ» ነው። ከኋላ መጥቶ፣ አንገትን በክንዱ አቅፎ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብሎ ያወዛውዘዋል። ጩኸት የለው፣ ደም የለው። ሌላው አካል ነው የሚይዘው፣ ይሄ የሚይዘው ትንፋሽ ነው ትል ነበር። ይህን ስትል ድምፅህን ለምን እንደምትቀንስ ያኔ አልገባኝም።

እማማ ለነዚህ ሁሉ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ወደ ቡፌው ዞራ ጥጧን ትፈትላለች። «ተማክረው ነው የሚጣሉት፣ ውሸት ነው» ትላለች። አንተም ትመልስላታለህ፤ አልቃሿስ ሟቹን መቼ ታውቀዋለች፣ እንባው ግን እውነት ነው። አንድ ቀን ደመራ የመቋሚያን ቀኝ እጅ የፊጥኝ ሲጠመዝዝ፣ እማማ እንዝርቷን ጥላ «ግራ እጁን ልቀቀው አንት አረመኔ» ብላ ጮኸች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ጀርባዋ ላይ ዐይን ብታወጣም ግራና ቀኝ አትለይም አልካት። እሷም ኮስተር ብላ እንዝርቷን አነሣች።

ሕጉን የረሳኸው እንደሆነ ልድገምልህ፤ ደጋግሜ ካላልኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። አንዱ በእሹሩሩ ተይዞ ሲዝል፣ ዳኛው ጎንበስ ብሎ እጁን ያነሣዋል። ከወደቀ አንድ ነው። ያነሣዋል፤ ከወደቀ ሁለት። ሦስተኛው ከወደቀ ትግሉ አለቀ። ሦስተኛው ላይ ግን እጁ አየር ላይ ከቀረ፣ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ከቀረ፣ ሰውየው አልሞተም፤ አዳራሹም ይናወጣል። አንተም ወንበርህ ላይ ስታንቀላፋ «ዳኛዬ» ያልከኝ እኔ እመጣና ቀኝ እጅህን አነሣለሁ። ይወድቃል። አነሣለሁ። ይወድቃል። ሦስተኛው ላይ ዐይንህን ሳትገልጥ ጡጫህን ጨብጠህ አየር ላይ ታስቀረዋለህ፤ ከዚያ አንገቴን ታቅፍና እሹሩሩ ትለኛለህ። አንድም ቀን ሦስተኛው ወድቆብህ አያውቅም።

ያን ዕለት ጠዋት መደቡ ላይ ነበርክ። እማማ ግርጌህ፣ የነፍስ አባትህ ራስጌህ፣ የጎረቤት ሴቶች በር ላይ። ቀኝ እጅህ እኔ ዘንድ ነበር። ትንፋሽህ ሲያጥር እኔ አንተን አላየሁም፤ ያየሁት ከኋላህ ያለውን ነው። ትራሱን፣ ግድግዳውን። እሹሩሩ ከፊት አይመጣማ። ማንም አልነበረም። ግን ስትወዛወዝ አይቻለሁ፤ ቀስ ብለህ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ከዚያ ዝም አልክ። እጅህን አነሣሁ። ወደቀ። የነፍስ አባትህ ማንበባቸውን አላቋረጡም። ደግሜ አነሣሁ። ወደቀ። ለሦስተኛው ጣቶችህን ስሰበስብ እማማ ጮኸች፤ ሴቶቹም «ልጅቱን አውጧት፣ ትደነግጣለች» ብለው ብብቴን ይዘው ጎተቱኝ። አንድ ይቀራል፣ አንድ ይቀራል እያልኩ ወጣሁ። ምን እንደቀረ የጠየቀኝ የለም። ስመለስ ገንዘውሃል። አውራ ጣትህን ከአውራ ጣትህ ጋር አስረውታል።

ቀብርህ ላይ የመጣችው አልቃሽ «ጠላቱን በጥይት የሚለቅመው» እያለች አወረደችልህ። አንተን፣ ዶሮ ሲታረድ ጓሮ የምትሸሸውን። ልስቅ ነበር፤ ጉንጬን ስነካው ርሷል። እንዳልከው ሆነ።

ሠልስት ማለት ሦስተኛ ማለት እንደሆነ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የሠልስትህ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ዋልኩ። አዋቂዎቹ ንፍሮውን እየቆረጠሙ ስለ ማዳበሪያና ስለ ልጅ ሰርግ ያወራሉ፤ አንዱ ሽማግሌማ የራሱን ልቅሶ ድግስ ከአሁኑ ያቅድ ነበር። ጋሽ ሰይድ ብቻ ማንን ትጠብቂያለሽ ልጄ አሉኝ። ማንንም አልኳቸው። እሳቸውም ዞረው በሩን አዩ።

ከዚያ ጀምሮ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ከገደሉ ያ የምታውቀው ነፋስ ሲነሣ፣ ጣሪያው ይመታል። ኳ። ኳ። ያቆማል። ሁለት ጊዜ ብቻ። አጎቴ የላላው የዲሹ ገመድ ነው ቆርቆሮውን የሚመታው አለ። የነፍስ አባትህ አልሰማሁም አሉ፤ ግን ሻያቸውን ሳይጨርሱ ነው የሄዱት። እማማ ቴሌቪዥኑ ላይ ጸበል ረጨች፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ባይሆን ዘንድሮ የሁለታችሁንም ሙት ዓመት በአንድ ድግስ እንገላገል ነበር። ጋሽ ሰይድ አሁንም ይመጣሉ። በርጩማቸው ላይ ሆነው ጨርቁን ያያሉ። አንድ ቅዳሜ ጣሪያው ኳ፣ ኳ ብሎ ዝም ሲል፣ ጋሽ ሰይድ ጨርቁን እንዳዩ «ገና አላለቀም ነው የሚለው» ብለው ተረጎሙ። ከዚያ ደንግጠው ቢስሚላሂ አሉ። እኔም እሳቸውም ቀና አላልንም።

እኔስ የምፈራው ጣሪያውን አልነበረም። እጄን ነው። የእጅህ ክብደት ከመዳፌ አልወረደም። ትምህርት ቤት ጥያቄ ለመመለስ እጄን ሳወጣ እንኳ የሁለት ሰው እጅ የማነሣ ይመስለኛል። ሦስተኛውን ስላልቆጠርኩ አላለቀም እላለሁ፤ ካላለቀ ደግሞ የት ነህ? ይህ ለማን ይነገራል? ለሽማግሌ ብትነግረው ጸበል ይልሃል፣ ለጓደኛ ብትነግረው ይስቃል።

እማማ ደግሞ እየቀነሰች ሄደች። መጀመሪያ ወሬዋን፣ ቀጥላ እህሏን፣ ከዚያ ፈትሏን። ያለፈው ቅዳሜ ከውጭ ስገባ ወንበርህ ላይ ተቀምጣለች። ማንም የማይቀመጥበት ላይ። ራሷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፣ ቀኝ እጇ ተንጠልጥሏል። ነፋስ የለም፣ ጣሪያውም ጸጥ ብሏል። «እማማ» አልኩ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ትንፋሿን ልሰማ ብል የገዛ ልቤ ጮኸብኝ። እንዴት እንዳደረግኩት አላውቅም፣ እጇን አነሣሁ። ወደቀ። አነሣሁ። ወደቀ።

ሦስተኛውን አቃተኝ አባባ። ስንት ጊዜ በሕልሜ የተመኘሁት ሦስተኛ፣ እጄ ላይ ሆኖ አቃተኝ። ካነሣሁትና ከወደቀ ብቻዬን ነኝ። ካላነሣሁት አላለቀም። እንደዚያ ቆሜ ሳለሁ፣ ያልያዝኩት እጇ ተነሣ። ግራው። ጡጫዋን ጨብጣ፣ ልክ እንዳንተ እያንቀጠቀጠች፣ ዐይኗን ሳትገልጥ፤ «አንቺ ዳኛ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» አለችኝ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማላውቀው ነገር ወጣኝ። ለምን ግራ እጅሽን አልኳት ሲበቃኝ። ሁልጊዜ ግራውን አይደል የሚያነሡት አለችኝ፤ በአገጯም ቡፌውን አሳየችኝ። ያ የቡፌ መስታወት፣ አባባ። ስትፈትል ስትፈትል የከረመችው እያየች ነው። ሁሉንም ተገልብጦ። የመሪጌታ ሚስት ራቁት ወንድ ስታይ ትውላለች ይበሉኝ እንዴ አለች። አንተ ጀርባዋ ላይ ዐይን ብታወጣ ብለህ ሳቅክባት፤ ለካስ ከፊቷ ነበረ። ከኛ ጋር ነበረች፣ ቅዳሜ ሁሉ። ያንን ሦስተኛህንም ታውቀው ነበር፤ ስታንቀላፋ የምንጫወተውን በመስታወት ስታየው ኖራለች። ያን ዕለት የጮኸችውም ለዚያ እንደሆነ ነገረችኝ። ሁለተኛው ሲወድቅ አየሁ፣ ሦስተኛውን አንቺ ስትቆጥሪው እንዳላይ ብዬ ነው አለች።

ጨርቁን ገለጥነው። ሪሞቱ ከዳዊትህ ጎን ተጠቅልሎ ነበር። እማማ ፊት ለፊት ስታይ የመጀመሪያዋ ስለሆነ፣ «ዛሬ ሁሉም ቀኝ ሆነዋል፣ ምን ነካቸው» እያለች አስቸገረችኝ። ዜናው ይኸውልህ፤ ደመራ ቀበቶውን ተነጠቀ፣ በመቋሚያ መስቀለኛ፤ አልኩህ አላልኩህም? ዐይነ ጥላን ግን ጭምብሉን አወለቁበት። ለካስ እንዳንተ በራ ሽማግሌ ነው። ካሜራው ተጠግቶ ቆየበት። እማማ እንደገና ያነሣችውን እንዝርት ትታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ምን እንዳየች አልጠየቅኳትም፤ እኔም አይቼዋለሁ።

አጎቴ ትናንት ለሙት ዓመትህ መጥቶ ጣሪያ ላይ ወጣና ገመዱን በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። እኔው ነኝ መሰላሉን የያዝኩለት፤ ገመዱ አሁን ንቅንቅ አይልም። ዛሬ ይህን ስጽፍልህ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ኳ። ኳ። ከዚያ ዝም።

እማማ ቀና አላለችም። እየፈተለች፣ ግራ እጇን ብቻ ጨብጣ ወደ ላይ አነሣችው። እኔም ብዕሩን አስቀምጬ ቀኜን አነሣሁ። ከበደኝ፤ የሁለት ሰው እጅ ነው። ነገ ሽማግሌዎቹ በልተው ጠጥተው «ነፍስ ይማር፣ እንግዲህ በዚህ ይብቃ» ይላሉ። ይበሉ። እኔ ዳኛህ ሦስት አላልኩም፤ በሕይወቴም አልልም።