የእማዬ ሞቃት ግድግዳ

ጂንካ፣ ጥር 2014 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ጨጓራስ ተወሽ? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነን። አርባ ምንጭ ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ። እዚህም ዝናብ ከራቀን ቆየ፤ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ ይውላል። ያልደወልኩልሽ ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። ስልክ በጮኸ ቁጥር እማዬ «ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ እኔም ልስማት» ትላለች፤ አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም። ስለዚህ መምህርት ጸሎት ወደ እናንተ ስትመጣ አገኘኋትና ይህን በእጇ ሰደድኩልሽ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ስለ ልጃችን ስለ ኤፍራታ። አርክቴክቸር ደረሳት ስትዪኝ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር፣ ግን እልልታዬን አላስቀረሁም! ደንበኞቼ የጌም ኳሳቸውን አቁመው «ምን ተገኘ?» አሉኝ፤ «ከቤታችን ሕንፃ ሠሪ ወጣ» አልኳቸው። ላፕቶፕ የቱን እንግዛላት ብለሽ የጠየቅሽውም ትክክለኛዋን ሰው ነው። አትሳቂ። ዛሬ ጂንካ ውስጥ ስለ ጌሚንግ ላፕቶፕ ማወቅ የፈለገ ሰው እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው፤ የቢሮ ሰው ሆነ መምህር፣ አስጎብኚዎቹም ሳይቀሩ። «እትዬ ጌመር» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ሻይ ቤቴን ጌም ቤት ሳደርገው «አበደች» ያሉት ሁሉ አሁን ወረፋ ይጠብቃሉ።

እንግዲህ ስሚኝ። ሻጩ «አሁን ይህን ውሰጂ፣ በኋላ ካርዱን ትቀይሪዋለሽ» ካለሽ አመስግነሽ ውጪ። የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ፣ ምስሉን የሚያንቀሳቅሰው ማለቴ ነው፣ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ነው የሚመጣው። ራም ትጨምሪያለሽ፣ ኤስኤስዲ ትቀይሪያለሽ፣ ካርዱ ግን እንደተወለደ ይኖራል። ካርድ እየነቀለ በተሻለ መተካት የፈለገ ሰው ዴስክቶፕ ይግዛ። እሱንስ ኤፍራታ ዶርም ውስጥ የት ታቆመዋለች? ስለዚህ ከመጀመሪያው ጠንከር ያለ ካርድ ያለበትን ነው የምትፈልጊው።

እኔ ጋ ሁለት ዓይነት አለ። ግራጫው ቀጭን ነው፣ ውብ ነው፣ ለእጅ ይቀላል። ግን አንድ የኮንስትራክሽን ልጅ ሕንፃ የሚያሽከረክር ፕሮግራም ሲከፍትበት ቶሎ ይግልና ራሱን ያዘገያል። ጥቁሩ ጡብ ነው የሚመስለው፤ ቻርጀሩም ሌላ ጡብ። አየር ማስወጫው ግን ሰፊ ነው፣ ሥራ ሲበዛበት ይጮሃል እንጂ አይደክምም። ጥቁሩን የመሰለ ግዢላት። «አያምርም» ካለችሽ ለሙሽርነት አይደለም የምትወስጂው በያት።

የት ትገዢ? በሞያሌ በኩል የገባው ይረክሳል ይሉሻል፤ ሲበላሽ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም። በቴሌግራም ፎቶ አይተሽ ብር እንዳትልኪ። አዲስ አበባ ባለሱቅ ዘንድ ሂጂ፣ ከባድ ጨዋታ ይክፈቱልሽ፣ ወንበር ስጡኝ ብለሽ ቁጭ በዪና እጅሽን ከሥሩ አድርጊ። ቀስ በቀስ እየሞቀ እጅሽን ካስነሳሽ ተዪው። ያገለገለ ካርድ ያለበት ዴስክቶፕ ደግሞ በነፃም ቢሰጡሽ አትቀበዪ። ይህን የመከረኝ ራሱ ሚልክያስ ነው።

ሚልክያስን አልነገርኩሽም ለካ! ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ንግግሩ ማር የሆነ ሰው ነው። ሁለቱንም ላፕቶፖች የሰጠኝ እሱ ነው፤ በኪራይ ፈንታ። የተከራየው የጓሮውን ክፍል ነው፣ አባዬ እህል ያስቀምጥበት የነበረውን። እዚያ ውስጥ መደርደሪያ ሠርቶ ካርድ ብቻ ደረደረበት፤ እንደ ዳቦ ቤት ዳቦ አስቢው። አገሩ ሁሉ ካርድ ጠፋ እያለ ሲያለቅስ እኔ ቤት ሞልቷል! ቀንም ሌትም ይሠራሉ፣ ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ያወጣሉ አለኝ። «ሲደክሙስ?» ስለው «አራግፌ፣ በካርቶን አሽጌ፣ አዲስ ናቸው ብዬ እሸጣቸዋለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሰውየው ግልጽ ነው።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ፤ ደስታዬ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእማዬ መኝታ ከዚያ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰነው። ከአገሯ ከገዘር ካመጣናት ጀምሮ ወገቧና ጉልበቷ እንዴት እንዳሰቃያት ታውቂያለሽ። ሚልክያስ ካርዶቹን ካስነሳ በኋላ አንድ ቀን ጠራችኝ። «ነይ እጅሽን አድርጊ» አለችኝ። አደረግኩ። ግድግዳው ይሞቃል! እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ጀርባዋን ስታስደግፍ ሕመሙ እንደሚለቃት ነገረችኝ። ቆይቶ ያለ ምርኩዝ ወደ ጓሮ ስትወጣ አየኋት። አለቀስኩ፣ እህቴ፤ በእውነት አለቀስኩ።

ከወዲያ ያለው ምን እንደሆነ እነግራታለሁ ስል ቀደመችኝ። እሁድ ቸርች ውስጥ ተነስታ ምስክርነት ሰጠች! በአሪኛ ነው የተናገረችው፣ ወንጌላዊው ነው ያስተረጎመላት። «በሞተ ጭቃ ውስጥ ሕይወት ያለው እጅ ዘረጋልኝ» አለች። ጉባኤው በሃሌሉያ ተናወጠ። መዘምራኑ አለቀሱ። እኔስ ከዚያ በኋላ ምን ልበል? «እማዬ፣ የሚልክያስ ካርድ ነው» ልበላት? ስንት ዓመት ሙሉ አንገቷን ደፍታ የኖረች ሴት ናት፤ አሁን በመንገድ ላይ አስቁመው «ጸልዪልን» ይሏታል።

ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ እህቶች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። በራቸውን ዘግተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ግድግዳው ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው ይጸልያሉ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ በሩም በሰው ይያዛል። ዝማሬያቸው ደስ ይላል። ግድግዳው አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ይሞቃል፤ ሚልክያስ ካርድ ጨምሯል።

ወንደሰን የሚባል ኤሌክትሪሻን አለ፣ የጌም ቤቴን መስመር የዘረጋልኝ። አምፖል ሊቀይር መጥቶ ወደ ጓሮ ዞረና ከመብራት ምሰሶው የመጣውን ሽቦ ነካው፤ እጁን መልሶ አነሳ። «እትዬ ጌመር፣ ይሄን ማን ነው የሳበው?» አለኝ። «ሚልክያስ ራሱ» አልኩት። ኮርኒሱን ቀና ብሎ አየ፤ ያው አባዬ የሰፋው የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ጭቃው ተሰንጥቆ ከእንጨቱ የለቀቀበትን ቦታ አየ። «ይሄ ቤት አይደለም፣ ምድጃ ነው። እሳት ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። «አንተ ሁልጊዜ ታሟርታለህ» ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም። ሂሳቡን እንኳ ሳይቀበል «እናትዎን ከዚያ ክፍል ያውጡ» ብሎኝ ሄደ።

እኔም አልተቀመጥኩም። አልጋዋን ወደ ሳሎን አዞርኩት፤ ከሱቅ ስመለስ ራሷ ፍራሹን ጎትታ መልሳዋለች! «ጌታ ከሰጠኝ ቦታ ማን ነው የሚያነሳኝ?» አለችኝ። በዚያ ጉልበት ፍራሽ መጎተቷን ሳይ ቁጣዬ በሳቅ ጠፋ። ሚልክያስም ማራገቢያ ላምጣ ብሎ አዲስ አበባ ከሄደ ሰነበተ። ክፍሉን በራሱ ቁልፍ ቆልፎታል፣ ማጥፊያውም ውስጥ ነው። ስደውል ያቺ የቴሌ ሴትዮ «ጥሪ አይቀበልም» ትለኛለች። ወንደሰን «ከምሰሶው ልቁረጠው» አለኝ፤ ግን መስመሩ ከተቆረጠ ላፕቶፖቹ እንዲመለሱለት ከሚልክያስ ጋር ተስማምተናል። ጌም ቤቴን መልሼ ሻይ ቤት ላድርገው? ለእማዬስ ግድግዳው ለምን ቀዘቀዘ ብዬ ልንገራት? ሰውየው እስኪመጣ ልታገስ ብያለሁ። ብቻ ሰሞኑን መብራት ሲሄድ፣ ደንበኛ ሁሉ ሲያጉረመርም፣ እኔ ደስ ይለኛል። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። እማዬን ውሰጃት። በእኔ ስም አይሁን፤ እኔ ካልኳት አትንቀሳቀስም። ደውዪላትና «ኤፍራታ ግቢ ልትገባ ነው፣ እጅሽን ጭነሽ ሳትባርኪያት አትሄድም» በያት። ለዚያ እምቢ አትልም። ከረቡዕ በፊት ይሁን፤ እሷ ከሌለች እህቶችም አይሰበሰቡም። ልጆቹን ይዘሽ እንዳትመጪ፣ መንገዱ አድካሚ ነው። አንቺም ብትሆኚ እቤት ድረስ መግባት አያስፈልግሽም፤ መናኸሪያ ድረስ እኔው አመጣልሻለሁ። አዲስ አየር ይስማማታል፣ ከዚያ ሌላ ምክንያት የለውም። እኔን አታስቢ። ሱቁን ማን ይጠብቃል? ደግሞ ጎበዝ ሆኛለሁ፤ አሁን የምተኛው ልብሴን ሳላወልቅ በሩ አጠገብ ነው።

ጌታ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፤ መግቢያሽን መውጫሽን ይባርክ፤ ኤፍራታን የጀመረችውን ያስፈጽማት። የሠራችውን ቤት ለማየት ያብቃን።

ሁሌም የምትወድሽ
ታላቅ እህትሽ

የረሳሁት፦ በመምህርት ጸሎት እጅ የአባዬን ፎቶዎችና የእማዬን የሰርግ ነጠላ ልኬልሻለሁ። የቤቱን ካርታም እዚያው ውስጥ ከትቼዋለሁ። እዚህ አቧራው በዝቶ እንዳይበላሹ ብዬ ነው።