ለእንግዳ ክብር ስለተቆረጠው ሊንክ

ለክቡር አቶ መሳፍንት ወልደ ሰንበት
የግብዓት ስርጭት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና፣ ከጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ በቀር ምንም አልሆንኩም። ይህን ደብዳቤ በግቢያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ማዳበሪያ የሚጠብቁት ገበሬዎችም እንዲያነቡት ብዬ ነው።

፩ኛ. ከደብረ ማርቆስ እንግዶች ይመጣሉ በተባለ ማግስት፣ ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ኮምፒውተሩም አብሮ እንዲጸዳ ማዘዝዎን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። የየቀበሌው የኤክሴል ፋይል ስሙ ተነሥቶ «ሞዴል አንድ»፣ «ሞዴል ሁለት» ተባለ፤ ሁሉም «ለእንግዶች» ወደሚል ፎልደር ተጋዘ። የገበሬዎቹን ስም ከየፋይሉ ማዳበሪያ ወደሚታደልበት ጥቅል ዝርዝር በራሱ የሚያመጣው ትእዛዝ፣ ማክሮው፣ ግን ምስኪን ነው፤ በድሮ ስማቸው በድሮ ቦታቸው ፈለጋቸው፣ አጣቸው፣ ቆመ። የፎልደሩንና የፋይሎቹን ስም ማክሮው ላይ ማስተካከል ይበቃ ነበር። ልነግርዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ።

፪ኛ. ጥቅሉ በተከፈተ ቁጥር ሊንኩ አልተገኘም የሚለው መልእክት በእንግዶች ፊት እንዳያሳፍርዎ፣ ጥቅሉን ከየቀበሌው ፋይል ጋር የሚያገናኘውን ሊንክ በገዛ እጅዎ ቆረጡት። እሰይ፣ መልእክቱ ጠፋ! ጥቅሉ ግን የአምናውን ስም ይዞ ደርቆ ቀረ። ወይዘሮ ስሜነሽ ምናለ ባለቤታቸው አቶ አስማማው ካረፉ ወዲህ መሬቱን በስማቸው ያዞሩት ዘንድሮ ነው፤ በቀበሌው ፋይል ላይ አሉ፣ በእርስዎ ጥቅል ላይ የሉም። ማዳበሪያው ለሟቹ ተመድቧል። እንዲህ ያለ የሙታን አሳቢ አለቃ ከየት ይገኛል?

፫ኛ. በዚህ ጥቅል ላይ ፈርሚ አሉኝ፤ እምቢ ብል ሥራ አደናቃፊ አሉኝ። አልፈርምም! ደመወዜን ይቁረጡ፣ ከፈለጉ ወደ ሩቅ ቀበሌ ይላኩኝ፣ አልፈርምም። የዘር ወቅት ደርሶ የአንዲት ሴት መሬት ባዶውን ሲያድር እያየሁ እንግዳ ደስ ይበለው አልልም። ፋይሎቹን ወደ ስማቸው መልሼ፣ ሊንኩን እንደገና አገናኝቼ፣ ትክክለኛውን ጥቅል አዘጋጅቻለሁ። ፊርማዬ ያለው በእሱ ላይ ብቻ ነው።

ለእንግዳ አክባሪነትዎ እጅ እየነሣሁ፣ እስከዚህች ሰዓት ድረስ ያልተባረርኩት የመረጃ ባለሙያዎ፣
ፀደንያ ይሄይስ

ማስታወሻ (ከተለጠፈ በኋላ የታከለ)፦ ዘበኛውን ልከው ደብዳቤውን ለማስገንጠል አይድከሙ። ወይዘሮ ስሜነሽ አንብበውታል፤ ስማቸው ለጠፋባቸው ጎረቤቶቻቸውም አንብበውላቸዋል። ሁሉም አሁን በርዎ ላይ ቆመዋል፤ ስብሰባ ላይ ነዎት ብላቸው እንጠብቃለን ብለዋል።