በየማለዳው የምትጫን ቁልፍ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ልጄ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ባልሽ፣ ያ ምስኪን፣ ጭቅጭቅሽን ችሎ ደህና ነው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ጉልበቴ እንኳ ሰሞኑን ዝም ብሎልኛል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ስናወራ ታቋርጪኛለሽ፤ ወረቀት ግን አያቋርጥም። ደግሞም ይህን የምጽፍልሽ አንቺ ሞቷል ባልሽው ኮምፒውተር ነው።

ያልሽኝን አልረሳሁም። «እማ፣ ይሄ ካልተነሳ ሱቁን ዝጊና እኔ ጋ ነዪ» አልሽኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያለው ግን አፌ ብቻ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ሠርግ ጥሪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ ኖሬ፣ አሁን ሶፋሽ ላይ ተቀምጬ ከሥራ እስክትመለሺ በር በሩን ሳይ ታየኝና ሆዴ ባባ። ስለዚህ ያን ሊኑክስ ያልሽውን፣ ዲስኩ የሞተ ኮምፒውተር ከፍላሽ ያስነሳል ያልሽኝን ነገር የያዝኩት እንደ ዋዛ አልነበረም።

የላክሽውን ፋይል የማወርድበት ስላልነበረኝ ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ጋ ሄድኩ። ታውቂዋለሽ፤ የአባትሽን ሰዓት ልታሠሪ ስትሄጂ ከረሜላ ይሰጥሽ የነበረው፣ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ዝምታ ያበዛው ሰው ነው። በእሱ ላፕቶፕ አወረድነውና እኔው ራሴ ፍላሹ ላይ ገለበጥኩት። የደንበኛ ፋይል ስገለብጥ የኖርኩ ሴት አይደለሁ? ፍላሹን ሰክቼ ባበራው ያው ጥቁር ፊቱን አሳየኝ። ፋይሉ በእጄ አለ፣ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። አጠፋለሁ፣ አበራለሁ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ደውዬልሽ የሳቅሽብኝን ሳቅ መቼም አልረሳልሽም። ዝም ብሎ አይገለበጥም፣ ፍላሹ ራሱ ኮምፒውተር ማስነሳት እንዲችል ለዚሁ በተሠራ ፕሮግራም ነው የሚጻፈው አልሽኝ። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ተመልሼ ሄድኩ፣ ሰዓት ሠሪው አንዴም ሳይስቅብኝ እንዳልሽው አድርጎ ጻፈው። አሁንም እምቢ አለ። የፍላሹ መብራት ጭራሽ አይበራም ነበር። ይሄኔ ሥራውን ትቶ፣ ያቺን ትንሽ ብሩሹን ይዞ፣ ማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ እንደሰካ ሱቄ ድረስ መጣ። የፊት ለፊቱ መሰኪያ ባቧራ ታፍኖ ኖሯል። ከኋላ ቢሰካው መብራቷ ብልጭ አለች።

ኮምፒውተሩ ግን ግትር ነው፤ ፍላሹን አልፎ የሞተውን ዲስክ ይፈልጋል። አንቺ ልክ ሲበራ ኤፍ አሥራ ሁለት የምትለዋን ቁልፍ ተጫኚ፣ ከየት ልነሳ ብሎ ይጠይቅሻል ብለሽኛል። እጫናለሁ፣ ወይ እቀድማለሁ ወይ እዘገያለሁ። ቁልፏን እንደ በር ስደበድባት ሰዓት ሠሪው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለኝና ወንበሬን ወሰደ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ኮምፒውተሩ ጢጥ ሲል ቁልፏን ተጫናት። ምርጫው መጣ፣ ፍላሹን መረጠ፣ ነጫጭ ጽሑፍ እየተንጋጋ ወረደ፤ ከዚያ ቦግ ብሎ የመክፈቻው ሥዕል ወጣ፤ ተነሣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ልጄ። ሳላስበው እጁን ይዤ ኖሯል። ወዲያው ለቀቅኩት፤ ማለቴ፣ ትንሽ ቆይቼ።

አሁን ሱቁ ደርቷል። አዲስ ዲስክ እስኪገኝ ድረስ ከፍላሹ እያስነሳሁ እሠራለሁ፣ የጻፍኩትን በሌላ ፍላሽ አስቀምጣለሁ። ፊደላችንም ካንድ ሆሄ በቀር ሳይሰበር ይወጣል። ማለዳ ማለዳ ሰዓት ሠሪው የራሱን ሱቅ ሳይከፍት ይመጣና ቁልፏን ይጫንልኛል። ሥዕሉ እስኪወጣ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ሥዕሉ ወጥቶም ይቀመጣል። ዝምተኛ የምንለው ሰው ለካ ወሬ አዋቂ ነው። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ትናንት በሰው ፊት «ይሄ ኮምፒውተር ምን ቢታመም ነው በየቀኑ ሐኪም የሚመጣለት?» ብላ አሳፈረችኝ። አፍሬ ግን አልተቆጣሁም።

አንቺም በቀደም በስልክ ያልሽኝን ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ በማስነሻው ተራ ፍላሹን አንደኛ ማድረግ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም መጫን የለበትም ብለሻል። ለእሱም ነገርኩት። ከጸጉር የቀጠነ የሰዓት ሽቦ ሲያቃና የኖረ ሰው ቀና ብሎ አየኝና «እሱ እንኳ ከበድ ይላል፤ እንዳናበላሸው» አለኝ። እኔም በዚህ ሠፈር ሳላይ የምተይበው ሴት «እውነትህን ነው፤ እኔም ያቺን ቁልፍ በሰዓቷ መጫን አልሆነልኝም» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም ስክሪኑን ስናይ ቆየን።

ደስ ብሎኛል፣ ልጄ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ሲነጋ ቶሎ ተነሥቼ ጸጉሬን ማበጠር የጀመርኩት ገና አሁን ነው። ቃሌንም አላጠፍኩም፤ ካልተነሳ ነበር ያልነው፣ ተነሥቷል። ያዘጋጀሽልኝን ክፍል ለእንግዳ አድርጊው። በዕረፍት ለጥየቃ እመጣለሁ፤ አልጋውን ግን ሰፋ ያለ ግዢ፣ እንግዳ መቼም አይታወቅም።

ማኅፀንሽን ፈጣሪ ይባርከው፣ ቤትሽ ሳቅ አይጉደለው፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ስትመጪ እባክሽ ኮምፒውተሩን እንዳታስተካክዪው።

እናትሽ